ሞቷል የተባለው ኮንሶል እኛ ሰፈር ወረፋ አለው

ሰሞኑን ኮንሶል፣ ማለትም ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጌም የሚያጫውተው ዕቃ፣ ሞቷል የሚል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ከሥሩ "ይኸው፣ አንተም በጊዜ ሽጠው" የሚል ጨምሮበታል። ሽጠው የተባለው ቴሌቪዥኔ ሥር የተቀመጠው የሶኒ ኮንሶል፣ ፕሌይስቴሽን 4 ነው።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቴክኖሎጂ የሚወድ፣ የሚያወራውን ዕቃ ነክቶ የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። አማርኛውም ይጥማል። ብዙ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ ሰው ሊገዛበትና ሊሸጥበት ነው።

ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ኮንሶል ሞቷል፤ ስልክና ክላውድ (ጌሙን በኢንተርኔት ከሩቅ ኮምፒውተር መጫወት) ተክተውታል። ሁለተኛ፣ ዲስክ ኋላ ቀርነት ነው፤ ሁሉንም ከኦንላይን መደብር አውርዶ መጫወት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ዕቃ ሲመረጥ ወሳኙ ጉልበቱ ነው፤ ቁጥሩ ያነሰ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አራተኛ፣ ያገለገለ አትግዙ፤ አዲስ በወጣበት ሰሞን ግዙ። አምስተኛ፣ ጌም ቤት ገብቶ በጨዋታ እየከፈሉ መጫወት ሞኝነት ነው፤ የከፈላችሁት ቢጠራቀም የራሳችሁን ኮንሶል ይገዛ ነበር።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ አንደኛውና አምስተኛው እርስ በርስ ይጣላሉ። ኮንሶል ከሞተ ባጠራቀምነው ብር ሬሳ ልንገዛ ነው? ይህ ግን የአጻጻፍ መንሸራተት ሊሆን ስለሚችል ብዙ አልይዘውም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የጌም ታሪክን በኛ አቆጣጠር ስጽፍ ራሴው ግራ ይገባኛል።)

ከመጀመሪያው ልነሣ። ስልክን በተመለከተ ግማሽ እውነት ይዟል። በገቢ ከታየ ከጌም ገበያው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ስልክ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን የማይነካካ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከዚህ ተነሥቶ ግን ኮንሶል ሞቷል ማለት አይቻልም። በዓለም ላይ ከቡና ይልቅ ሻይ ነው በብዛት የሚጠጣው። እስኪ ይህን ይዘህ ጅማ ሂድና ቡና ሞቷል በላቸው።

የኒንቴንዶ ኮንሶል ስዊች በ2017 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ተተኪው ስዊች 2 በጁን 2025 ገበያ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተቸበቸበ። ለቀብር ይህን ያህል ሕዝብ ከወጣ ሟቹ የታደለ ነው።

ክላውዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የተሸወደው እዚህ ጋ መሰለኝ። ክላውድ ጌሚንግ ሲባል ጌሙ የሚሠራው ሩቅ ቦታ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ነው። ወደ አንተ የሚመጣው ቪዲዮ ብቻ ነው። ቁልፍ ስትጫን ትእዛዙ እዚያ ድረስ ይሄዳል፤ ውጤቱ በምስል ተመልሶ ይመጣል። ሐሳቡ አሪፍ ነው። ችግሩ መንገዱ ነው።

ያ ሩቅ ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ እዚያ ድረስ በአየር ከ5,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደርሶ መልሱ ሲሰላ 53 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ይህም ገመዱ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው። አይሄድም። መጀመሪያ ጎረቤት አገር ይሻገራል፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ ይገባል፣ በየጣቢያው ይቆማል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ደግሞ ምስሉን በየ17 ሚሊሰከንዱ ገደማ ይቀይራል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ ቢያንስ ሦስት ምስል ዘግይተሃል። ፍጹም ቅጣት ምቱ ከገባ በኋላ ነው በረኛህ የሚወረወረው። ይህን የትኛውም ፓኬጅ አያስተካክለውም።

ዳታውም አለ። ቪዲዮው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብቻ ቢወስድ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይሄዳል። ኮንሶሉ ላይ ብቻህን ስትጫወት ግን ዜሮ ነው። ጸሐፊው የኮንሶሉን ዋጋ ቆጥሮ ይህን ሳይቆጥር ማለፉ ገርሞኛል።

"ወደፊት ይሻሻላል" ለሚለው ደግሞ ስታዲያን ላስታውስ። ጎግል በኖቬምበር 2019 የጀመረው የክላውድ አገልግሎት ነበር። ገንዘብም ኢንጂነርም የጎደለው ድርጅት አይደለም። ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ለገዛ ሰው የጌሙንም የዕቃውንም ገንዘብ መልሷል፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም በአራት ዓመት ውስጥ ተወልዶ የተቀበረው ኮንሶሉ ሳይሆን ተተኪው ነው።

ይህ ማለት ክላውድ ለማንም አይሆንም ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ ያለ ወገናችን ሰርቨሩ ጎረቤቱ ነው ማለት ይቻላል። ቤቱ ፋይበር ገብቶለት ከሆነ ይጫወትበት፣ ደስ ይለዋል። ጽሑፉ ግን ለሱ ብቻ የተጻፈ አይመስልም። በአማርኛ የተጻፈው ለሁላችንም ነው።

ወደ ዲስኩ ልለፍ። እዚህ ላይ ነው በጣም የማልስማማው።

ጸሐፊው እንደሚለው ዲስክ ይጫራል፣ ቦታ ይይዛል፣ ይጠፋል። ዕውነት ነው። የኔም ስንት ጊዜ በቲሸርቴ ጫፍ ተወልውሏል። በዚያ ላይ የዛሬ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጌም እንዳልያዘ፣ ከገባ በኋላም ሌላ ብዙ ጊጋባይት እንደሚያስወርድ ልጨምርለት። ኮንሶል ጥገና ቤት ሲገባም ዲስክ ማንበቢያው ቀድሞ ከሚጠረጠሩት አንዱ ነው። ይህን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከኦንላይን መደብር "ግዛ" የሚለውን ተጭነህ የከፈልክበት ጌም ያንተ ነው? አይደለም። የምትገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የጸና ሕግ አውጥቷል። የዲጂታል ዕቃ ሻጭ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ለገዢው በግልጽ ሳይናገር "ግዛ" የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። ሰው ስለተሳሳተ ነው ሕግ ያስፈለገው።

ለመከራከር ያህል የሚጎዳኝንም ልጥቀስ። ዩቢሶፍት የተባለው ጌም ሠሪ ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር በማርች 2024 መጨረሻ ዘጋው። ጌሙ ያለ ሰርቨር ስለማይሠራ ዲስኩን በእጁ የያዘውም ሰው እኩል ቀረ። ስለዚህ ዲስክ የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። ሁልጊዜ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ጌም ዲስክ ክብ ፕላስቲክ ነው።

የኛ ጉዳይ ግን ከዚህም ይብሳል። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ ማለትም የሶኒ የኦንላይን መደብርና አገልግሎት፣ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ በይፋ አላካተተም። አካውንት ስትከፍት ዝርዝሩ ላይ አገርህን አታገኛትም። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ እንሆናለን። የማናውቀውን አድራሻ እንሞላለን። ውጭ ያለ ዘመድ የካርድ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ይልክልናል፣ እሱን እናስገባለን። ይሠራል፤ ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚጫወተው። ነገር ግን ቤትህን የሠራኸው በሰው መሬት ላይ ነው።

ይህ ተራ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። በሜይ 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት የግድ ያስፈልጋችኋል ተባሉ። ወዲያው ኔትወርኩ በይፋ በማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። ተጫዋቹ ጮኸ፣ ግዴታውም ተነሣ። ግን ለጥቂት ቀናት የግማሹ ዓለም ተጫዋች በየትኛው ወገን እንደቆመ አይቷል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ጽሑፉ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አካውንት፣ አንድ ባንክ ካርድ። እኛ ግን ዲስክ የምንገዛው ለብቻችን አይደለም። አንድ የጦርነት ጌም ገዝቼ ነበር። ስጨርሰው ለጎረቤቴ አዋስኩት። እሱ ለወንድሙ ሰጠው። ወንድሙ ፊፋ ካለው ልጅ ጋር ተለዋወጠው። ፊፋው እኔ ጋ መጣ። አንድ ጊዜ ተከፍሎ አራት ቤት ተጫወተ። የወረደ ጌም ይህን ያደርጋል? የይለፍ ቃልህን ለሰፈር ካላደልክ በስተቀር አያደርግም።

ይህ የድሀ አገር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል በ2013 የሆነውን ላውራ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ኮንሶሉ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ራሱን ማሳየት አለበት፣ ዲስክ ማዋስም እንደ ድሮው አይሆንም አለ። ሶኒ በዚያው ሰሞን አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። በፕሌይስቴሽን 4 ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ የሚያስተምር ነው። አንዱ ዲስኩን ለሌላው ሰጠው። ተቀባዩ አመሰገነ። ትምህርቱ አለቀ። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። አሜሪካኖቹም ዲስኩን ለጓደኛ ማቀበል ይፈልጋሉ ማለት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ዲስክ። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በኖቬምበር 2024 ሲወጣ 700 ዶላር ነበር፣ ያለ ዲስክ ማንበቢያ። ማንበቢያውን የፈለገ ለብቻው 80 ዶላር ይጨምራል። ጸሐፊው ይህንን የዲስክ ሞት ማስረጃ አድርጎ አቅርቦታል። እኔ ደግሞ ሰው ለሞተ ነገር 80 ዶላር አይከፍልም እላለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጉልበት ነው። ቴራፍሎፕ፣ ጊጋኸርዝ (የስሌት ፍጥነት)፣ 4ኬ፣ 8ኬ (የምስል ጥራት)። ጸሐፊው ቁጥር ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ካርቶን ሳይ መጀመሪያ የማነበው ጀርባውን ነው። ታሪኩ ግን ለቁጥር ወዳጆች ጥሩ አይደለም።

በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ በ1989 ወጣ። ስክሪኑ ቀለም የለውም፣ ያውም አረንጓዴ ቢጤ። የሴጋው ጌም ጊር ተከትሎት መጣ፤ ባለ ቀለም ነው፣ መብራት አለው። ግን ስድስት ባትሪ ይበላና ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ከዚያ እጥፍና ከዚያ በላይ ይቆያል። ጌም ቦይ ከነቀለም ወንድሙ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጌም ጊር 10 ሚሊዮን አካባቢ። የጌም ቦይ አባት የሚባለው ጉንፔ ዮኮይ አንድ እምነት ነበረው። ቆይቶ የረከሰ፣ ጠባዩ የታወቀ ቴክኖሎጂን ወስደህ ባልታሰበ መንገድ ተጠቀምበት ይል ነበር። እኛ አገር ይህን የሚያውቅ መካኒክ ሞልቷል።

ፕሌይስቴሽን 2ም እንደዚሁ ነው። በዘመኑ የመጀመሪያው ኤክስቦክስና የኒንቴንዶው ጌምኪዩብ በጉልበት ይበልጡት ነበር። እሱ ግን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ሁለቱ ተደምረው 50 ሚሊዮን አልሞሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ዲቪዲ ፊልም ማጫወቱ ነው። ቤት ውስጥ አባትን ለማሳመን ይህ በቂ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የኒንቴንዶ ዊ ከፕሌይስቴሽን 3 እጅግ የደከመ ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በለጠው። ስዊችም ሲወጣ ውስጡ የነበረው ቺፕ አዲስ አልነበረም።

ቁጥር ሲያታልል ደግሞ ይህን ይመስላል። የፕሌይስቴሽን 5 ካርቶን ላይ 8ኬ የሚል ምልክት ነበር። ቆይቶ ምልክቱ ከካርቶኑ ላይ ወረደ። በዚያ ምልክት ተማርኮ የገዛ ሰው ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ባለ 8ኬ ቴሌቪዥን ስንት ነው?

ጉልበት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በሰከንድ ከ30 ወደ 60 ምስል መሸጋገር ዓይን የሚያየው ለውጥ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ፈጣን ማከማቻም እውነተኛ እርምጃ ነው። እኔ ቤት ጌም እስኪከፈት ቡና ይቀዳል፤ የጓደኛዬ 5 ላይ ስኳሩን ሳላማስል ይከፈታል። ይህን አምኛለሁ። ጉልበት ግን ከሚቆጠሩት አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የስልክ ካሜራም እንዲሁ ነው፤ ሜጋፒክስሉ ስለበዛ ብቻ ማታ ሠርግ ቤት ያነሣኸው ፎቶ አያምርም።

አዲስ ግዙ፣ በወጣበት ሰሞን ግዙ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ቀድሞ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሞካሪ ነው። ኤክስቦክስ 360 በ2005 ወጣ። ሲበላሽ የሚበራው ያ ታዋቂ ቀይ መብራት ስንቱን አስለቀሰ። በ2007 ማይክሮሶፍት ለዚሁ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያዘለት። ዋስትናው ግን የሚሠራው ዋስትና ለሚሠራበት አገር ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋስትናው የሰፈሩ ጠጋኝ ነው። እሱ ደግሞ ትናንት የወጣ ዕቃ ሲሰጡት ራሱን ያካል። መለዋወጫው የለም፣ ውስጡን አይቶት አያውቅም። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆነበት ነገር አለ፤ ራሴ ተሳስቼ ስለነበር በደስታ አምናለሁ። እኔ ለሰው ሁሉ "ቆይ፣ ይረክሳል" እል ነበር። ድሮ ይሠራ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 በአሜሪካ በ300 ዶላር ጀምሮ በ2009 99 ዶላር ደርሷል። ፕሌይስቴሽን 3ም በ2006 ትልቁ 600 ዶላር ነበር፣ በሦስት ዓመቱ ቀጭኑ (ስሊሙ) በ300 ወጣ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን ተቃራኒ ሆነ። ዲስክ የሌለው በ2020 በ400 ዶላር ጀምሮ በኦገስት 2025 500 ገባ። እየቆየ የሚወደድ ኮንሶል እኔም አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጠብቆ አዲስ ለመግዛት ያሰበን ሰው ጽሑፉ በደንብ መክሮታል።

ግን ይኸው ነገር ያገለገለውን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል። ፊፋን ይሠራ የነበረው ኢኤ የተባለው ድርጅት በ2025 ያወጣው የኳስ ጌም እንኳ ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቷል። ኮንሶሉ የ2013 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ኳስ የሚወጣለት ዕቃ ቆሻሻ አይባልም።

ያገለገለ ሲገዛ የሚሸወድ ሰው የለም አልልም። አንዱ እኔ ነኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ተጠቅሞበት የቆየ ኮንሶል ይዞልኝ መጣ፤ ስሙ ይቅር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሻንጣው ሳይራገፍ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። "ጷ" አለ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። እናቴ ከጓዳ "ምን አቃጠላችሁ?" አለች። የኃይል ሳጥኑን ገልብጬ ሳይ 120 ቮልት ይላል፤ የኛ 220 ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ጽሑፉ እዚያው ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ላይ "100–240" የሚል ካላየሁ ሶኬት አላስጠጋም። ማራገቢያውን አዳምጡ፣ ዲስክ አስገብታችሁ አስወጡ፣ ጆይስቲኩን ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ። ይኸው ነው።

የቀረው ጌም ቤት ነው።

የጸሐፊው ሂሳብ ቀላል ነው። ለአንድ ጨዋታ ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል፣ በዓመት ተደምሮ አንድ ኮንሶል። ሂሳቡን አልጣልም። ግን በዚህ ስሌት በየቀኑ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የካፌ ማሽን ገዝቶ ቤቱ ማስገባት አለበት። ለብቻው የተገዛ ኮንሶል ደግሞ ለብቻው አይመጣም። ቴሌቪዥን ይፈልጋል። ሁለተኛ ጆይስቲክ ይፈልጋል። ስታቢላይዘር ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ቤተሰቡ ዜና ማየት የማይፈልግበት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ በብር አይገዛም።

እኛ ሰፈር ያለው ጌም ቤት ከሱቅ የተከፈለ ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ኮንሶል፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር። ማከፋፈያው ላይ የተሰካው ገመድ ብዛት ያስፈራል። የጆይስቲኮቹ አውራ ጣት ማሳረፊያ ጎማ አልቆ አንዳንዱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ባለቤቱ ደብተር አለው፤ ዱቤ ይጽፍበታል። ሕጉ አንድ ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ብር ሳይኖረው ቀኑን ሙሉ ይጫወታል። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ አለ፣ ትልልቆቹን ተራ በተራ ያስከፍላቸዋል። ሲያሸንፍ አይጮኽም። ዞር ብሎ "ቀጣይ" ይላል፣ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ቆሜ 2 ለ 1 የሆነ ጨዋታ 85ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ክፍሉ ጨለመ። ለአፍታ ዝም አለና ጭቅጭቁ ተነሣ። የሚመራው "አልቋል፣ ክፈል" ይላል። የተመራው "አምስት ደቂቃ አለኝ" ይላል። የኋላ ወንበሩ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቱ የስልኩን መብራት አብርቶ ደብተሩን ገለጠና ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ጻፈባቸው። ማንም አልረካም፣ ማንም ግን አልሄደም። መብራቱ እስኪመጣ ስለ አርሰናል ተከራከሩ።

ጸሐፊው ይህን በዓመት ስንት ብር ብሎ ነው የሚያሰላው? እነዚያ ልጆች የሚከፍሉት ለኮንሶሉ ብቻ አይደለም። ተቃዋሚ ለማግኘት ነው የሚከፍሉት። ቤቱ ኮንሶል ያለው ልጅም እዚያ ይመጣል፣ ያውም የራሱን ጆይስቲክ በጃኬቱ ኪስ ይዞ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ነው። የትምህርት ሰዓት ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ሳይ እኔም ይከፋኛል። ባለቤቱ ቢያስወጣው ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ያስወጣል፣ አንዳንዴ ያላየ ይመስላል። ይህ የበሩ ጠባቂ ጉዳይ ነው እንጂ የኮንሶሉ አይደለም።

"በጊዜ ሽጠው" ያለኝ የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቤት መጣ። ጽሑፉን አንሥቶ ሊከራከረኝ ነበር የመጣው። እናቴ ቡና እስክታፈላ አንድ እንጫወት አልኩት። 3 ለ 1 አሸነፍኩት። ድገመኝ አለ፣ ደገምኩት። አቦሉ ቀዘቀዘ፣ ቶናው ቀዘቀዘ። ማታ ሊሄድ ሲል ሌላ የጦርነት ጌም መደርደሪያው ላይ አየና "ይሄን ጨርሰኸዋል አይደል?" አለኝ። ጨርሼዋለሁ አልኩት። ዲስኩን በጃኬቱ ኪስ ከቶ ወጣ። ይህን ስጽፍ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፣ አልመለሰልኝም።